ያለ ሟች የተተከለ ድንኳን

ጉለሌ፣ ኅዳር መገባደጃ

ይድረስ ስልኬን ለማታነሳው፣ ደብዳቤ ግን ሳታነብ ለማትጥለው ታላቅ እህቴ፤

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? የካ አባዶ ዘንድሮ ብርዱ በርትቷል ይላሉ። አራተኛ ፎቅ ድረስ በዚያ ጉልበት ስትወጪና ስትወርጂ እየታየኝ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳኛል። ቅባቱን እየተቀባሽ ነው? አውቅሻለሁ፣ ከመስኮቱ ላይ አስቀምጠሽ እሱን ማየት ብቻ የሚያሽርሽ ይመስልሻል። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። መድኃኒት ቤቱም እንደነበረው ነው። ከጳውሎስ ሆስፒታል የወጣ በሽተኛ ሁሉ ማዘዣውን ይዞ ይመጣል፣ እኔም የሐኪሞቹን ጽሑፍ ለማንበብ እታገላለሁ። ፀጉሬ ሸብቷል፣ ቀለም መቀባቱንም ትቼዋለሁ። ብታዪኝ አርጅታለች ብለሽ ትስቂብኛለሽ።

የጻፍኩልሽ ግን ለወሬ ብቻ አይደለም። ከተለያየን አራት ዓመት አለፈን። ለከተማው ምክር ቤት ልወዳደር ነው ያልኩሽ ቀን፣ ከሶፋው ላይ ተነስተሽ፣ ሞትሽን ካልሰማሁ ደጅሽን አልረግጥም ብለሽ በእንጦጦ ማርያም ምለሽ ወጣሽ። አንቺ ስትምዪ ደግሞ ቀልድ የለም። እውነቱን ልንገርሽ፣ የዚያን ቀን ያህል በሰው አዝኜ አላውቅም። እናታችን ካረፈች ወዲህ እናቴም እህቴም አንቺ ነበርሽ፤ በአንድ ቃል ሁለቱንም ወሰድሽብኝ።

ግን ለምን እንደፈራሽ ጠፍቶኝ አይደለም። ወንድማችን ስብሰባ አለብኝ፣ ቶሎ እመለሳለሁ ብሎ ሲወጣ ሻዩን የቀዳሽለት አንቺ ነሽ፤ እሱ ግን በዚያው ቀረ። እኔ ያኔ ገና አምስት ዓመቴ ስለነበረ የማስታውሰው ሻዩ እንደቀዘቀዘ ማደሩንና አንቺም ብርጭቆውን ለማንሳት እምቢ ማለትሽን ነው። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ የሚባል ነገር በቤታችን ደጅ አላለፈም። የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ እንኳ ስለማትመጪ አስተማሪዬ ታላቅ እህትሽ ታማለች ወይ ብላ ትጠይቀኝ ነበር። ስለዚህ ፍርሃትሽን አልንቅም። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደጄን እንድትረግጪ። ለዚህ ስል አንድ ታሪክ ላጫውትሽ።

መጀመሪያ ተመርጬ ስለያዝኩት ሥራ ልንገርሽ፤ አንቺ የምታስቢው ሌላ ነውና። ሰው ተመራጭ ሲባል ኪሱ ውስጥ ማህተም ያለው ይመስለዋል። አንዱ ሳል ማስታገሻ ሊገዛ መጥቶ የቀበሌ ቤት አሰጪኝ ይለኛል። ሌላዋ ትራንስፎርመር ተቃጠለ ብላ ከእንቅልፌ ትቀሰቅሰኛለች። እኔ ደግሞ እትዬ፣ ማህተምም መብራትም የለኝም። ሥራዬ ሕግ ሲረቀቅ አንብቦ ይሄ ምን ማለት ነው ብሎ መጠየቅ ነው። የቢሮ ኃላፊዎች ሲቀርቡ ያ በጀት የት ገባ ብሎ ማፋጠጥ ነው። ድምፅ ሲሰጥ ደግሞ የላከኝን ሰው ሐሳብ ይዤ እጄን ማንሳት ነው። የላከኝ ሰው ሐሳቡን ካልነገረኝ የማነሳው እጅ የራሴ ብቻ ይሆናል፤ ይሄ ነው እኔን የሚያስጨንቀኝ።

ባለፈው ግንቦት ታዲያ አንድ ረቂቅ ሕግ ቀረበልን። ከእንግዲህ በየትኛውም መንገድ ላይ የለቅሶ ድንኳን መትከል አይቻልም፣ ሐዘንተኛ አዳራሽ ይፈልግ የሚል። ሳነበው እናታችን ታወሰችኝ። እናታችንን ያለቀስናት ከደጃችን መንገድ ላይ አልነበር? በሌላ በኩል ደግሞ መድኃኒት ቤት ውስጥ ቆሜ የማየው አለ። በሽተኛ የጫነ መኪና መንገዱ በድንኳን ተዘግቶበት ሰፈሩን ሲዞር ስንቴ አይቻለሁ። ድምፅ ከመስጠቴ በፊት ሰፈሬን መጠየቅ አለብኝ አልኩና የወረዳውን አዳራሽ ለምኜ ስብሰባ ጠራሁ፤ ዊንጌት ታክሲ መያዣው ላይ ሳይቀር ማስታወቂያ ለጠፍኩ።

የመጣው ሰው ቢነገርሽ ትስቂያለሽ። ጥበቃው፣ ዝናብ ያባረራቸው ሁለት መንገደኞችና ጋሽ ስብሐት፣ የእድራችን ዳኛ። እሳቸውም ቢሆኑ የመጡት ሊቆጡኝ ነው። ሰው ስብሰባ ሰልችቶታል ልጄ አሉኝ፤ ይጠራል፣ ያጨበጭባል፣ ይበተናል፣ የተናገረው ነገር የት እንደደረሰ ተመልሶ የሚነግረው የለም። በዚህ ሰፈር ሰው የሚታዘዘው ለእድር ብቻ ነው አሉ። እኔም ቃላቸውን ያዝኩና እንግዲያው እድሩ ይጥራልኝ ብዬ ሙጭጭ አልኩባቸው። የምንወያየው ስለ ድንኳን ስለሆነ ድንኳናቸውንም ጥሩምባ ነፊያቸውንም ሊያውሱኝ ተስማሙ።

ጥሩምባ ነፊው ዛሬም ጋሽ ቶለሳ ናቸው። ልማዳቸውን ታውቂዋለሽ፤ እኚህ ሰው ሞተ የሚል ቃል ከአፋቸው አውጥተው አያውቁም። ጎህ ሲቀድ ሦስት ጊዜ ይነፉና ስም ከነአባት ይጠራሉ፣ ድንኳኑ የተተከለበትን ይናገራሉ፣ ውጡ ይላሉ። የቀረውን ሰው ራሱ ያውቀዋል። እኔ ታዲያ ለሳቸው ስነግራቸው፣ የጠራችው እሷ ናት እንዲባል ስሜን ከነአባቴ ጥሩ፣ ድንኳኑ በኔ ደጅ መሆኑን ንገሩ፣ ለውይይት ውጡ በሉ አልኳቸው። እሺ አሉ። እንዳልኳቸውም አደረጉ፤ አንድም ቃል አላጎደሉም። ግን እትዬ፣ በኛ ሰፈር ጥሩምባ ተነፍቶ የሰው ስም ከተጠራ በኋላ ቆሞ የሚሰማ ማን አለ? ወንዱ ጫማውን ፍለጋ፣ ሴቱ ነጠላዋን ፍለጋ ይሮጣል። ይህን እኔ የዚህ ሰፈር ልጅ እንዴት እንዳላሰብኩት እስካሁን ይገርመኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ለቅሶ ሰማሁ። ብዙ ሰው ነው የሚያለቅሰው፤ እየቀረበም መጣ። የማን ቤት ፈረሰ በሞቴ ብዬ ደነገጥኩ። ስብሰባውንም ረሳሁት። እርጥብ ፊቴን እንኳ ሳልጠርግ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁና ከሴቶቹ መሃል ገብቼ አብሬ አለቀስኩ። አጠገቤ የነበረችው ጎረቤታችን የዓለምወርቅ ናት፤ ለቅሶ ላይ ማን ይቀድማታል። አቅፌያት ማን ነው የሞተብን አልኳት። እሷም ዐይኗን እንደጨፈነች፣ ያቺ ባለ መድኃኒት ቤቷ፣ ያቺ ደግ ብላ ስሜን ጠራችልኝ። ትስቂ እንደሆነ እንጃ፣ እኔ ግን ለአፍታ ያህል ለራሴው አለቀስኩ። ከዚያ ዐይኗን ገልጣ አየችኝ። ጩኸቷን እንጦጦ ላይ ያለ ሰው ሳይሰማው አልቀረም፤ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ቀረች።

ምን ልበልሽ፣ ያን ጊዜ የሆነውን። አንዱ ያማትባል፣ ሌላው ይስቃል፣ ሌላው ደግሞ እንቅልፌን ትቼ የመጣሁት ለዚህ ነው ወይ ብሎ ይቆጣል። ባለ ሱቁ ሙሐዲን ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ነበርና አፉን ይዞ ቀረ። ሰዉ ሊበተን ሲነሳ ጋሽ ስብሐት በርጩማ ላይ ወጡ። ስም ጥሪ ጀምረናል፣ ከድንኳን የወጣ እንደ ቀረ ይቆጠራል አሉ። ቀጥለውም ሟቿ ራሷ ልታናግራችሁ ነው፣ እንዲህ ያለ ለቅሶ ዳግመኛ አታገኙምና ቁጭ በሉ አሉ። ሳቁ ድንኳኑን አናወጠው። ሁሉም ቁጭ አለ። እኔም በተዘቀዘቀ ነጠላዬ ፊታቸው ቆምኩ።

እትዬ፣ እንደዚያ ዓይነት ስብሰባ አይቼ አላውቅም። የተጠራው አበል ለመቀበል ወይም ለማጨብጨብ ስላልሆነ፣ ደግሞም ስላለቀሰና ስለሳቀ መሰለኝ፣ ሰዉ ልቡን ከፍቶ ተናገረ። ረቂቁን አነበብኩላቸው። አብዛኛው ተቆጣ። ሬሳ ከቤቱ ወጥቶ ለቅሶ እንዴት ከቤቱ ይወጣል፣ የተከራየ አዳራሽ ውስጥ ማን ያለቅሳል አሉ። አንድ ሰውዬ ደግሞ ተነስቶ፣ አባቴ ሲታመም መኪናችን የሰው ድንኳን ጋ ደርሶ ተመለሰ፣ ያን ቀን የማዝነው ለሟቹ ይሁን ለአባቴ አላውቅም ነበር አለ።  ቃሉን እንዳለ ጻፍኩት።

በዚህ መሃል ከመንደሩ መግቢያ በኩል አዲስ ለቅሶ ተሰማ። አንዲት ሴትዮ ናት፤ ከሩቅ ቦታ የመጣች የእድሩ አባል። ሰፈር ለቀው ከሄዱት ብዙዎቹ እድራቸውን እንዳልለቀቁ ታውቂያለሽ። ለነሱ ደግሞ በስልክ ስለተነገራቸው፣ ሲነገራቸውም ወሬው ገና አልጠራም ነበርና፣ ሁለት ታክሲ ቀያይራ ነው የደረሰችው። በር ላይ የቆሙት ሮጠው ነገሯት። ለቅሶዋ መሃል ላይ ቀጥ አለ። የምትመለስ መስሎኝ ነበር። ግን ነጠላዋን ዐይኗ ድረስ ሳበችና ከኋላ፣ ከምሰሶው ሥር፣ ጀርባዋን ግማሽ ለኔ ሰጥታ ተቀመጠች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ግን ማንም ስሟን አልጠራም፣ ማንም ወደ እኔ ዞር ብሎ አላየም። የዓለምወርቅ እንኳ፣ ያቺ ወሬ የማያድርባት፣ ነጠላዋን ማስተካከል ያዘች።

ክርክሩን ቀጥለን ሳለ የመኪና ጥሩምባ ጮኸ። ታክሲ ነው፤ ድንኳናችን ጋ ደርሶ ማለፊያ አጥቷል። ውስጡ ኢልሀም አለች፣ የሙሐዲን ሚስት፤ ምጧ መጥቶ ወደ ጳውሎስ እየወሰዷት። ባሏ ደግሞ የኔ ለቅሶ ላይ ተቀምጧል! ወንዶቹ በየት ይለፍ፣ ከየት ይዙር እያሉ መጨቃጨቅ ሲጀምሩ፣ ያቺ ሴትዮ ከምሰሶው ሥር ብድግ አለች። በዚያ ዕድሜዋ፣ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ ቀድማ ደርሳ ካስማውን በእጇ ይዛ ንቀሉት ብላ ጮኸች። ነቀሉት። የድንኳኑን አንድ ወገን ሰብስበው በትከሻቸው ያዙ። ሴትዮዋ ወደ ታክሲው ሄዳ ኢልሀምን አየቻት፤ ጠዋቱ ይበርድ ስለነበር ነጠላዋን አውልቃ አለበሰቻት፣ ጉንጯን ዳሰሰቻት፣ ለሾፌሩ ቀስ ብሎ እንዲነዳ ነገረችው። ሙሐዲን ከፊት ዘሎ ገባ። መኪናው በድንኳናችን መሃል አለፈ።

ወንዶቹ ሸራውን ሊመልሱት ሲሉ ሴትዮዋ እጇን አነሳች። ዕድሜዋን ሙሉ ስብሰባ የሸሸች ሴት መሆኗን የሚያውቅ ያውቃል።  እኔ ዕድል ሰጠኋት። ወደ እኔ ሳታይ፣ ለሰዉ ነው የተናገረችው። ለቅሶን ከደጅ አታስወጡት አለች፤ ሰው የሞተበት ሰው ከደጁ የሚሄድበት አቅም የለውም። ነገር ግን ድንኳን ሲተከል አንድ መኪና የሚያሳልፍ ቦታ ይተው፤ መንገዱ ጠባብ ከሆነ አንዱ ወገን ሸራው ሳይወርድ ይቆይ። ሐዘንተኛም ቢሆን ሌላ ሐዘንተኛ እንዲጨመር አይፈልግም አለች። ይኸው ነው። ድንኳኑ በሙሉ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሳያልቅ፣ ነጠላ እንኳ ሳትለብስ፣ ወጥታ ሄደች። ልከተላት ፈልጌ ነበር። ጋሽ ስብሐት ክንዴን ይዘው ተያት አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልንገርሽ። ቋሚ ኮሚቴው የሕዝብ አስተያየት መስሚያ መድረክ ነበረው፤ ማንም ነዋሪ መታወቂያውን ይዞ ገብቶ መናገር እንደሚችል ነገርኳቸውና ከሰፈራችን አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው መጣ። ጋሽ ቶለሳ ማይክሮፎን ሲሰጣቸው አልፈልግም ብለው በለመዱት ድምፅ ተናገሩ። ጥበቃዎቹ እየሮጡ ገቡ። የዓለምወርቅ ስትናገር አለቀሰች፣ ኮሚቴውም ሐሳቡን የተቀበለው እሷ እንድታቆም ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን የሴትዮዋን ሐሳብ እንደተናገረችው አድርጌ አቀረብኩ። ሰኔ ላይ ሕጉ ጸደቀ። የለቅሶ ድንኳን ከደጅ አይወጣም፤ አንድ መኪና የሚያሳልፍ ቦታ ግን ይተዋል። አንድ ጉልበቷን የሚያማት ሴት የተናገረችው ነገር ዛሬ የዚህ ከተማ ሕግ ነው። እጄን ሳነሳ ብቻዬን አልነበርኩም፤ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

በማግስቱ ጋሽ ቶለሳን ድጋሚ ለመንኳቸው፤ የተናገራችሁት የት እንደደረሰ ልነግራችሁ ነው ብዬ። በዚህኛው ጊዜ ያለ ጥሩምባ፣ በየበሩ እያንኳኩ ነው የጠሩልኝ። ሰዉ መጣ። ከሞት ሳልነሳም መጣልኝ እትዬ። አሁን በየወሩ መጨረሻ እድሩ ካለቀ በኋላ አንድ ሰዓት ለኔ ይተዉልኛል። ስለ ቆሻሻ መኪናው እንከራከራለን፣ ስለ ዊንጌት የታክሲ ሰልፍ እንከራከራለን፣ ጥያቄያቸውን ይዤ እሄዳለሁ፣ መልሱን ይዤ እመለሳለሁ። አንዳንዴ የምመለሰው በባዶ እጄ ነው፤ ያንንም እነግራቸዋለሁ። እነሱ ይቆጣሉ፣ ከዚያ እንስቃለን፣ እኔም በጊዜ ቤቴ እገባለሁ። ሻዬም ሳይቀዘቅዝ እደርስበታለሁ። ይህን በተለይ እንድታውቂው እፈልጋለሁ።

ኢልሀም ጳውሎስ ደርሳ ብዙም ሳትቆይ ሴት ልጅ ወለደች። ቆንጆ ናት፤ ጉንጯ ሞልቶ ዐይኗ አይታይም። ሙሐዲን ሱቁ በሄድኩ ቁጥር የዚያችን ሴትዮ ስም ንገሪኝ፣ ልጄን አቅፌ ሄጄ ላመስግናት ይለኛል። አልነገርኩትም። ራሷ ብትነግረው ይሻላል ብዬ ነው። ነጠላዋን አጥበው፣ ተኩሰው፣ ባለቤቷ ስለጠፋችባቸው እኔ ጋ አምጥተውታል። ጥለቱን አውቀዋለሁ። ሽሮ ሜዳ ሁለት አድርገን ያስሸመንናቸው ናቸው፤ ሌላው ቁም ሳጥኔ ውስጥ አለ።

አንድ ነገር ልጨምርና ልጨርስ። ሴትዮዋ ያን ቀን ከመንደሩ መግቢያ ስትመጣ ምን እያለች እንደምታለቅስ ሰምቻለሁ። ድንቡሼን፣ እኔን ድንቡሼዬን ትል ነበር። በዚያ ስም የሚጠሩኝ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዷ እናታችን ናት፣ ነፍሷን በገነት ያኑርልን።

ያቺን ሴትዮ ካገኘሻት እንግዲህ ይህን ንገሪልኝ። በእንጦጦ ማርያም የማለችው ሞቴን እስክትሰማ ድረስ ነበር። ሰምታለች። ሰምታም መጥታለች። መሐላዋን አንድ ቃል ሳታጎድል ጠብቃለችና እመቤታችን የምትቆጣበት ነገር የለም። ከእንግዲህ ለመምጣት ጥሩምባ መጠበቅ የለባትም። ነጠላዋ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ ብርድ ነውና ቶሎ ትውሰደው።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ደረጃውን ቀስ ብለሽ ውረጂ፤ ከዚህኛው በኩል ደረጃ የለም። ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ለኔም ካንቺ በፊት ጥሩምባ አይነፋብኝ፤ አንዴ ይበቃሻል።

ሻይ ጥጄ የምጠብቅሽ ታናሽሽ፣
ድንቡሼ